የስድስት ቋጠሮ መንገድ

የልጄ ልጅ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። እዚሁ ገዳሪፍ የተወለደች ናት፤ አማርኛዋ መሀል ላይ ዐረብኛ ይገባበታል። እኔንም አያቴ አትለኝም፤ እንደ ሱዳኖቹ «ሐቦባ» ነው የምትለኝ።

«ሐቦባ፣ የሁለት ከተማ ስም ንገሪኝ» አለችኝ። «ከአንዱ ወደ ሌላው በአውሮፕላን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ይነግረናል።»

ሳላስበው «ካርቱም» አልኳት። ቀጥዬም «ስቶክሆልም» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ከገዳሪፍና ከጎንደር ወዲያ ያለ የከተማ ስም ከአፌ ሰምታ አታውቅም ነበር። ጻፈችው። መልሱ ወዲያው መጣ፤ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል። በሁለቱ ከተሞች መካከል አንድ ቀጭን መስመር ተሰምሮ ነበር። ቋጠሮ የለውም።

«ሩቅ አይደለም እኮ» አለች። «ጠዋት ተነሥተሽ ለምሳ ትደርሻለሽ፣ ኻላስ፣ በቃ።»

ባሌ የሞተው በዚያ መስመር ላይ ነው። ከአንዱ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ሌላው ላይ ሳያርፍ። በዚያች ሰዓት ይህን ለልጅቷ መንገር አልቻልኩም። ስለዚህ እዚህ ቀስ እያልኩ እጽፈዋለሁ። እጄ እንደ ድሮው አይታዘዘኝም፤ አንዳንድ ቀን ጥቂት መስመር ጽፌ አስቀምጠዋለሁ።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲመጣ የምንኖረው ከመተማ በላይ ባለች ትንሽ ከተማ ነበር። እሱ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ እኔ እዚያው ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ዝናቡ ለሁለተኛ ዓመት ሲቀር ተማሪዎቹ መጥፋት ጀመሩ። መጀመሪያ ከሩቅ በእግር የሚመጡት ቀሩ፤ ቀጥሎ የቅርቦቹ። አንድ ቀን ለሦስት ልጆች የአፍሪካን ወንዞች አስተምሮ መጣና «ነገስ ማንን ነው የማስተምረው?» አለኝ። እኛም እንደ ሰዉ ሁሉ ወደ ሱዳን ተነሣን።

ቀን ቀን ቁጥቋጦ ሥር እየተኛን ማታ ማታ እንሄዳለን። የቀኑ ሙቀት አያስኬድም፤ አውሮፕላንም ይፈራ ነበር። አውሮፕላን ያኔ ለእኛ ድምፁ ሲሰማ የሚደበቁት ነገር እንጂ የሚሳፈሩበት አልነበረም። እሱ በመንገድ ላይ ደጋግሞ ይቆማል። በቆመ ቁጥር እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «ቆዪ እስቲ፣ ልየው» ይለኛል። አንዴ ኮረብታ ነው፣ አንዴ የደረቀ ጅረት ነው።

«በዚህ ጨለማ ምን ይታይሃል?» እለዋለሁ።

«መሬቱ እንዴት እንደሚወርድ ነዋ። ሁሉም ወደ ጓንግ ነው የሚያዘነብለው።»

ከእኛ ጋር የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ «መምህሩ መሬቱን ሊገዙት ነው እንዴ? እንደሱ ከሆነ ዋጋው አሁን ነው የረከሰው» ብለው አሳቁን። እኔም ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ። ሲስቅ ግን ድምፁ አይወጣም ነበር። ያይ የነበረው መሬቱን እንዳልሆነ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ይጠብቅ እንደነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ሰው ፊት መድከም ያሳፍረዋል። ስለዚህ ያያል።

የጓንግን ወንዝ ወገባችን ድረስ እየረጠብን ተሻገርን። ሎሪዎች ጭነው ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ ካለ መጠለያ አደረሱን። እዚያ የሣር ጎጆ ሰጡን፤ ዱራ ይታደላል፣ ውኃ በሰልፍ ይቀዳል። ዱራ የሚሉት የእኛን ማሽላ ነው። ባሌ አንድ ሳምንት እንኳ ሳያርፍ ልጆች ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። አራት እንጨት ተክለው ሣር ያለበሱት ዳስ፣ ሱዳኖቹ ራኩባ የሚሉት፣ ክፍል ሆነለት። ርዳታ ከሚሠሩት ፈረንጆች አንዱ ትልቅ የዓለም ካርታ ሰጠው። ካርታው የተሰጠው ቀን ዱራ ከተሰጠን ቀን ይልቅ ደስ ብሎት ነበር።

በዚያ ዳስ ሥር ሲያስተምር ወደቀ። ልጆቹ መጀመሪያ እየቀለደ መስሏቸው ስቀው ነበር አሉ። የመጠለያው ሐኪም፣ ሱዳኖቹ ከዋጃ የሚሉት ነጭ፣ ደረቱን ረጅም ጊዜ አዳመጠ። አስተርጓሚው «የልቡ በር አልዘጋም ብሏል፤ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል» አለን። እዚህ አይታከምም፤ ስዊድን በሚባል አገር ግን ደረት ከፍተው በሩን ይሠሩታል። ጥቂት ሕሙማንንና ቤተሰቦችን የሚወስድ አውሮፕላን ከካርቱም ይነሣልና ስሙ ገብቷል ተባልን።

የእኔ ግን ወር ገብቶ ነበር። ወሯ የገባ ሴት አውሮፕላን አይጭንም። እሱ ይቅደም፣ እናትና ልጅ ከወሊድ በኋላ ይከተላሉ ተብሎ ተወሰነ።

«አልሄድም» አለ።

«ትሄዳለህ።»

«ስትወልጂ ማን አለሽ?»

«አንተ ብትኖርስ ምን ልትሠራ? ከጎጆው ውጭ ቆመህ ስትንቀጠቀጥ ለአንተም ሰው መፈለግ ሊኖርብኝ ነው።»

ጎረቤቴ እትዬ ደጃፉ ላይ ዱራ ስትለቅም ሰማችን። ከወሎ የመጣች፣ ከእኔ በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ናት፤ በመጠለያው ያሉ እናቶችን ሁሉ የምታዋልደው እሷ ነበረች። «መምህር፣ ይሂዱ» አለችው። «ወንድ ለዚህ ነገር አስቀድሞ የሠራው ሥራ ይበቃዋል።» አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ነገሩ በዚያ አለቀ።

ወደ ካርቱም ከመሄዱ በፊት በነበረው ቀን ልጆቹ ከተበተኑ በኋላ ዳሱ ውስጥ ጠራኝ። ከዱራ ጆንያ አፍ ላይ የተፈታ ጠንካራ ክር በእጁ ይዟል።

«ጣትሽን እዚህ ላይ አድርጊ» አለኝ። «ካርቱምን ያዢልኝ።»

ካርቱምን ያዝኩለት። ክሩን ወደ ላይ ሳበና ስሟን አጥርቼ ማንበብ ያቃተኝ ከተማ ላይ አደረሰው። በካርታው ላይ ከክርኔ እስከ አንጓዬ የሚሆን ርቀት ነው።

«እኛ የመጣንበትስ የትኛው ነው?» አልኩት።

አሳየኝ። ከጥፍሬ ያንስ ነበር። «አውሮፕላኑ ይህን በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል» አለ።

ተናደድኩ። በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም። ያ ሁሉ ሌሊት፣ ዛፍ ሥር ትተናቸው የመጣናቸው ሰዎች፣ ያ ሁሉ «ቆዪ እስቲ» ሩብ ሰዓት ከሆነ ባይነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ገባውና ወሬውን ቀየረ። ክሩን እያነሣ አውሮፕላኑ በሰዓት ይህን ያህል ይሄዳል እያለ፣ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ቋጠሮ ይቋጥር ጀመር። በሁለቱም ጫፍ ትርፍ ተወለት።

«የመጀመሪያው ቋጠሮ ላይ ስደርስ የሱዳን አሸዋ ያልቃል። ከዚያ በፊት ዓትባራን ከላይ አየዋለሁ። ዓትባራ ማለት ያው ጓንግ ነው፤ ያ ያረጠበን ውኃ።»

«ያውቅህ ይሆን?»

«ሱሪዬን ያውቀዋል። ሁለተኛው ቋጠሮ ላይ ዓባይ ባሕር ይገባል። ከዚያ እስከ ሦስተኛው ድረስ ውኃ ብቻ ነው። ሦስተኛው ላይ የብስ ይመጣል። አራተኛው ተራራ ነው። አምስተኛው ሜዳ፣ ስንዴ የሚያበቅሉበት። ስድስተኛው ላይ ሌላ ባሕር አለ፤ ትንሽ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። እሱን ተሻግሬ ደረስኩ።»

ደጋግሜ እንድለው አደረገኝ፤ እንደ ተማሪ አስጠናኝ። ሲሳካልኝ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ሰጠኝ። «ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት እንነሣለን። በየሰዓቱ አንድ ቋጠሮ እለፊ፤ የት እንዳለሁ ታውቂያለሽ። የምንበረው ወደ ሰሜን ነው፤ ስለዚህ በቀኝ በኩል እንዲያስቀምጡኝ እለምናለሁ። ጠዋት ፀሐይ የምትወጣው በዚያ በኩል ነው፤ እናንተም በዚያ በኩል ናችሁ።»

«ከቀትር በኋላስ?»

«ከቀትር በኋላ ወደ ግራ ትዞራለች። ያኔ ደርሻለሁ፣ ምን ቸገረኝ።»

ሐሙስ ጠዋት ክሩን ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ተቀመጥኩ። ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ስልክ ያላቸው አንድ የጎንደር ሰው ነጋዴ ነበሩ፤ መካ ደርሰው የመጡ ናቸውና ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። የመጠለያው ሰው መልእክት ሁሉ በሳቸው ሱቅ ነበር የሚያልፈው። እሳቸው ካርቱም ደውለው አውሮፕላኑ በሰዓቱ መነሣቱን በሎሪ ሾፌር ላኩብኝ። መልእክቱ እስኪደርስ ግን አልጠበቅኩም። አንድ ሰዓት ሲሆን እኔም ተነሥቼ ነበር።

በመጀመሪያው ቋጠሮ እትዬን ተከትዬ ውኃ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። በሁለተኛው እዚያው ነን። ሰዓቱን አየሁና «አሁን ባሕር ገባ» አልኳት። ቆይቼ ሦስተኛውን ቋጠሮ አለፍኩና «ባሕሩን ጨረሰ» አልኳት።

«ኧረ እኔ አንዲት እንስራ አልሞላሁም፤ እሱ ባሕር ጨረሰ?» አለች። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሰዉ እያለፈ ይጠይቀኝ ጀመር፤ «መምህሩ የት ደረሱ?» ይለኛል። ተራራው ላይ ናቸው። ስንዴው ላይ ናቸው። አንዲት ልጅ ስንዴው ደርሷል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ደስ አላት።

ስድስተኛውን ቋጠሮ ሳልፍና ትርፉ ክር ላይ ስደርስ ሳላስበው እልል አልኩ። ቀስ ብዬ ነበር። እትዬ ከጎጆዋ ተቀበለችኝ፤ ከዚያ ሌሎቹ። በዚያ ዓመት በዚያ መጠለያ እልልታ የተሰማበት ቀን ጥቂት ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሴት ልጅ ወለድኩ። ያኔ እነሱ ሁሉን ያውቁ ነበር። ሐጂ በስልክ ሰምተው ለመጠለያው ቄስና ለእትዬ ነግረዋል፤ ሦስቱም ተማክረው እኔ እንዳልሰማ ተስማምተዋል። ለአራስ መርዶ አይነገርም። ወተቷ ይደርቃል፣ ልጁም ይከተላል። በዚያ ዓመት ደግሞ ከእናት ወተት በቀር ሕፃን የሚያሳድግ ነገር አልነበረም። ክርስትና እስኪነሣ ይቆያል። ወንድ ብወልድ ኖሮ በአርባ ቀን በነገሩኝ። ሴት ስለሆነች ሰማንያ ጠበቁ።

ስጠይቅ ሁሉም አንድ ቃል ነበራቸው። ደርሷል፣ ሐኪም ቤት ገብቷል፣ እዚያ ስልክ የለም። እትዬ ይህን ስትለኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር እየሠራች ነበር፤ ጨርቅ ትጨምቃለች፣ እሳት ትቆሰቁሳለች። ፊቷን አላየሁትም።

አንድ ቀን እትዬ በእንቅብ ሸፍና የዱራ እንጀራና ምስር አመጣችልኝ። ምስር ካየሁ ወራት አልፎኝ ነበር።

«ይኼ ደግሞ ከየት መጣ?»

«የሚካኤል ዝክር ነው። ሐጂ እህሉን ረዱን።»

«ሐጂ ከመቼ ወዲህ ነው የሚካኤልን ዝክር የሚያወጡት?»

«ጎረቤት አይደሉ? ብዪ፣ ይቀዘቅዛል።»

«ሚካኤል ገና መስሎኝ።»

«አራስ ነሽ፣ ቀኑ ተምታቶብሽ ነው።»

በላሁ። በደንብ በላሁ። ከአራስነቴ ወዲህ እንደዚያ አፌን ደስ ያለው ቀን አልነበረም፤ ወጡን በጣቴ ጠረግሁት። ስጨርስ እንደ ደንቡ መረቅሁ፤ «ከዓመት ዓመት ያድርሳችሁ» አልኩ። እትዬ እንቅቡን እንኳ ሳትይዝ ተነሥታ ወጣች። የውኃ ሰልፍ ረፍዶባት ነው ብዬ አሰብኩ።

ያ የባሌ ተዝካር ነበር። አርባው ቀን ነበር። ቄሱ ፍትሐቱን ከመጠለያው ማዶ፣ ድምፁ እኔ ዘንድ እንዳይደርስ ርቀው አድርሰዋል። እኔን ሳያበሉ ተዝካሩን መብላት ለሰዉ ከብዶት ነበር አሉኝ በኋላ። ስለዚህ ላኩልኝ። «ነፍስ ይማር» ማለት ሲገባኝ ከዓመት ዓመት ያድርሳችሁ አልኳቸው። አልፈርድባቸውም። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር። ግን እስከ ዛሬ ምስር በአፌ አይዞርም።

የክርስትናው ቀን ደረሰ። ለማተብ የሚሆን ክር አልነበረኝም፤ መግዣም የለ። ነጭ ልብስ በሚያጠቡበት ሰማያዊ ዱቄት ውስጥ ያንን የጆንያ ክር ነክሬ አደረቅሁት። ቤተ ክርስቲያናችንም ዳስ ነበር። ቄሱ ክሩን ከእጄ ተቀብለው በሁለት ጣታቸው አሻሹት።

«ቋጠሮ በዝቶበታል፤ ልፍታው እንዴ?» አሉኝ።

«አይ መምሬ፣ የአባቷ መንገድ ነው» አልኳቸው። «እየጎተተች እንድታመጣው ነው።»

ደስ ብሎኝ ነበር የተናገርኩት። ቄሱ ጸሎቱን ከጀመሩ በኋላ መሀል ላይ አቋረጡ። ዲያቆኑ ቀና ብሎ አያቸው። ከመጀመሪያው እንደገና ጀመሩ፤ ክሩንም ልጄ አንገት ላይ አሰሩላት።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የሰው ኮቴ ሰማሁ። ከጎጆው ወጣሁ። እትዬ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ቄሱ አሉ። ከኋላቸው ሐጂ ቆመዋል። እሳቸው ለአንድም ሰው ብለው በዚያ ሰዓት ከገዳሪፍ መጥተው አያውቁም። ማንም አፉን ሳይከፍት ልጄን ለእትዬ ሰጠኋት። የሆንኩትን አልጽፍም፤ የደረሰበት ያውቀዋል።

ድምፄ ሲመለስ የጠየቅሁት «የት ነው?» ብዬ ነበር።

«መንገድ ላይ» አሉ ቄሱ። «አውሮፕላኑ ውስጥ፤ ሳይደርስ።»

«በየትኛው ቋጠሮ?»

ቄሱና ሐጂ ተያዩ። አእምሮዬን የሳትኩ ሳይመስላቸው አልቀረም። ሐጂ ጥቂት አሰቡና «ከሥራቸው ውኃ ነበር አሉኝ፣ እህቴ» አሉ።

ውኃ ግን ሁለት ነበር። አንዱ ከሁለተኛው ቋጠሮ በኋላ፣ አንዱ ስድስተኛው ላይ።

የቀበሩት የማያውቁት ሰዎች ናቸው፤ መቃብሩን አላየሁትም። የእኔ የስዊድን ፋይል በሱ ስም ስለነበረ ከሱ ጋር ተዘጋ። ሰው የሚያለቅስበት አንድ ቦታ ይፈልጋል፤ ድንጋይ ይሁን፣ ዛፍ ይሁን። ለእኔ የነበረኝ ክሩ ብቻ ነው፤ ክሩም የት ላይ እንደሆነ አልነገረኝም። ለቅሶ የሚደርሱኝ ሁሉ የትኛው ባሕር እንደሆነ ማወቁ ምን ይለውጣል ይሉኛል። ቄሱ «በየትም ቢሆን ለእግዚአብሔር አንድ ነው» አሉኝ። ለእኔ ግን አንድ አልነበረም። ሁለተኛው ባሕር ከሆነ ተራራውን አይቷል፤ ስንዴውን አይቷል፤ ስዊድን ደጃፍ ላይ ነው የቀረው። ያን ቀን አብረን ሄደናል ማለት ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ግን ውኃ ሰልፍ ላይ «ባሕሩን ጨረሰ» ብዬ ሳስቃቸው እሱ የለም ነበር። ከዚያ በኋላ ሰዉ እየመጣ የጠየቀኝ፣ እኔም የመለስኩለት፣ ስለ ሬሳ ነበር። እልልታውም።

በአውሮፕላኑ አጠገቡ የተቀመጠችው ከመጠለያችን ከልጆቿ ጋር የሄደች ትግርኛ ተናጋሪ ሴት ነበረች። ወንድሟ ሐጂ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ስለነበር አልፎ አልፎ ትደውላለች። ሐጂ ቀን አስቀጥረውልኝ ልጄን አዝዬ በዱራ ሎሪ ገዳሪፍ ገባሁ። ሱቁ ሰሊጥ የሚጫንበት በር ላይ ነው። ተሸካሚዎቹ እየጮኹ ጆንያ ይወረውራሉ። ስልኩ ሲጠራ ሐጂ «ኡስኩት» ብለው ሁሉንም ዝም አሰኟቸው። እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ሓፍተይ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። ድምፅዋ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ነበር። «እግዚአብሔር ያጽናሽ። እስካሁን ሳላናግርሽ ቆየሁ።»

«አይክፋሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። የትኛው ባሕር ነበር?»

«ባሕር ነው እንጂ እኔ ስሙን ምን አውቃለሁ? ሰማያዊ ውኃ ነው።»

«እሱ በየት በኩል ነበር የተቀመጠው?»

«በመስኮቱ በኩል።»

«በቀኝ ነው በግራ?»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ኋላ ግን «ቆይ፣ ልጄን ይዤ የነበረው በዚህኛው ክንዴ ነው» ስትል ሰማኋት። «በቀኝ። እሱ በቀኜ ነበር። ለምኖ ነው እዚያ የተቀመጠ፤ አስተናጋጇን በምልክት አስቸግሯት ነበር።»

«ፀሐይስ?»

«ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ነበረች። እንዳታስቸግረው ብዬ የመስኮቱን ክዳን ላወርድለት እጄን ስዘረጋ ከለከለኝ። ‹ቆዪ እስቲ፣ ልየው› አለኝ። ተውኩት። ልንገርሽ ሓፍተይ፣ ደስ ብሎት ነበር። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ባሕሩን ዝም ብሎ ያያል። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው መቼም አይጠግበውም። ከዚያ እንቅልፍ የወሰደው መሰለኝ። የበላንበትን ሲያነሡ ሊቀሰቅሱት ነኩት፤ ገና ውኃው ላይ ነበርን። አልተሠቃየም። ይህን ስነግርሽ እኔም ቀለል ይለኛል። እያየ ነው የሄደ።»

ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ። በቀኙ በኩል ፀሐይ ፊቱ ላይ ካለች ጠዋት ነው። ጠዋት ከሆነ የመጀመሪያው ባሕር ነው። ያስጠናኝ እሱ ራሱ ነው። ያን ለማወቅ ነበር የመጣሁት፤ አወቅሁት። ያልመጣሁበትንም አወቅሁ። ባሕሩን እያየ አልነበረም። ትንፋሹ እስኪመለስ እየጠበቀ ነበር። እኔ አጠገቡ ብሆን በዚያች ቃል ብቻ እጁን እይዘው ነበር። አጠገቡ የነበረችው ሴት ደግሞ ያንን ቃል ከእሱ ሰምታ አታውቅም፤ ቃሉ የሚለውን አምና ተወችው። ማንም ሰው ያምነው ነበር።

ለእሷ አልነገርኳትም። «ደስ ብሎት እንደነበር ስለነገርሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳት። አለቀሰች፤ እኔ አላለቀስኩም።

ሐጂ ስልኩን ከእጄ ወስደው ሲያስቀምጡ «አወቅሽው?» አሉኝ።

«አወቅሁት። የመጀመሪያው ነው።»

አልገባቸውም። አልጠየቁኝምም። ጆንያ ላይ አስቀምጠው ውኃ አስመጡልኝ፤ እስክጠጣ ድረስ ተሸካሚዎቹን ወደ ሥራ አልመለሷቸውም።

ሎሪው ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ከሾፌሩ አጠገብ አስቀመጡኝ። ልጄ ጭኔ ላይ ናት፤ መንገዱ ሲያናውጠን ትስቃለች። ጥርስ እያወጣች ነበር። ጣቴን ከአንገቷ ሥር አስገብቼ ክሩን ፈለግሁ። የመጀመሪያው ቋጠሮ። ሁለተኛው። ከሁለተኛው ቀጥሎ ልሙጥ ነው፤ ከጣቴ ጫፍ የማይበልጥ ልሙጥ ክር፤ ከዚያ ሦስተኛው ይመጣል። ጣቴን በሁለቱ መካከል አሳረፍኩና እዚያው አቆየሁት። ሾፌሩ ልጅቷ ታማለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ናት አልኩት።

ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ያለውን መንገድ ብቻዬን ነው የሄድኩት። ተራራውንም፣ ስንዴውንም፣ ያን ቀዝቃዛ ባሕርም። አድርሼው ነበር እኮ። እልል ብዬ አሳርፌው ነበር።

ልጄ ጣቴን ከአንገቷ ገፋችው። ክሩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ አፏ ከተተችውና በዚያች ባንዲት ጥርሷ ቋጠሮዎቹን ታኝካቸው ጀመር። አወጣሁባት፤ መልሳ አስገባችው። ሁለተኛ አላወጣሁባትም።